ከዐውሎ ነፋስና ከጎርፍ ማግስት፦ የከተማ ነዋሪ ኑሮውን እንዴት መልሶ ያቆማል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምንኖር ሰዎች ስለ ከባድ ዝናብና ስለ ዐውሎ ነፋስ ስንነጋገር አስቀድመን የምናስበው ማሳን ነው። በረዶ የቀጠቀጠው ገብስ፣ ጎርፍ ያፈረሰው እርከን፣ መብረቅ የጣለው በሬ በቅድሚያ ይነገራል። ሕዝባችን በአብዛኛው አራሽ ነውና ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን አርብ ገበያ፣ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ከተሞች ናቸው፤ በውስጣቸውም ማሳ የሌለው፣ ቤት ተከራይቶ ሠርቶ የሚበላ ብዙ ምእመን ይኖራል። የእነዚህን ሰዎች ጉዳት የምንመዘግብበት ልማድ ግን እምብዛም አላዳበርንም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶቻችን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በጉዳዩ ላይ እንዲወያዩበት ነው።

ገበሬው አዝመራው ቢጠፋበት እንኳ መሬቱ ከእርሱ ጋር ይቆያል። ጎተራው ውስጥ የተረፈ እህል፣ በደጁ የሚሸጥ በግ፣ ወንፈል የሚጋራው ጎረቤት ይኖረዋል። የከተማው ድኻ ጎተራው ሱቅ ነው፤ የሚበላውን በየቀኑ ይገዛል፣ ሲቸግረው በዱቤ ይወስዳል። ስለዚህ የከተማ ነዋሪ በአንድ ሌሊት ውሽንፍር የሚያጣው ጣሪያውን ብቻ አይደለም። ጠላ የምትጠምቅ እናት ጋኗና ብቅሏ ይጠፋባታል፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ምጣዷ ይሰበርባታል፤ ልብስ ሰፊው መኪናው በጭቃ ይሞላበታል። የዱቤ መዝገቡ በውሃ የራሰበት ባለ ሱቅም ለማን ምን እንዳበደረ መቁጠር ያቅተዋል። ርዳታ የሚያቀርበው አካል ስንዴና ዘይት ይዞ ሲመጣ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሳምንት ያበላቸዋል፤ የመተዳደሪያ መሣሪያቸውን ግን አይመልስላቸውም። አንዲት እናት በአንድ ወቅት ስንዴ ለማደል ስንመዘግብ፣ «ልጄ፣ ስንዴውን በምን ልጋግረው?» ብለው ጠይቀውናል። ከጥያቄው በኋላ የመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ አንድ ዐምድ ጨምረናል።

በአገራችን የከተማ ነዋሪ ከእንዲህ ያለ አደጋ ጋር እንዴት እንደታገለ ለመረዳት ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በደረሰበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ውሃው የሚመጣው ከተማዋ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ሳይሆን ከላይ፣ ከደንገጎ ተራሮችና ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ተራሮቹ ዛፋቸውን እያጡ በሄዱ መጠን ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ሰው በተኛበት ሰዓት ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ገንፍሎ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎች የደረሱበት ጠፋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ከማግስቱ በኋላ የገባው ዕለት ነሐሴ 1 ቀን፣ የጾመ ፍልሰታ መግቢያ ነበር።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው የተነገረው ምሳሌ እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ሰባኪው አንደበት ቶሎ ይመጣል። እንዳይመጣ እለምናለሁ። የደቻቱ ዳር ነዋሪ በአሸዋው አጠገብ የሰፈረው ከስንፍና ወይም ከድፍረት የተነሣ አልነበረም፤ ኪራይ የሚረክስበት፣ ገበያውም የሚቀርብበት ስፍራ እርሱ ስለሆነ ነው። በእኛም ከተሞች ድኻው የሚሰፍረው ገደሉ ጫፍ፣ ሸለቆው አፍ፣ ወይም የመንገዱ ውሃ የሚፈስበት ቦይ አጠገብ ነው። የጌታ ምሳሌ ስለ ቃሉ ሰሚና አድራጊ የተነገረ እንጂ የተጎዳን ሰው መውቀሻ አይደለም።

እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበትን የከተማ ሕዝብ ኑሮ በቀናትና በወራት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ቀናት የሚሸፍነው መንግሥትም ሆነ ድርጅት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ፍርስራሽ ውስጥ የሚቆፍረው፣ አስከሬን የሚያነሣው፣ ሕፃናቱን ወደ ቤቱ የሚወስደው ጎረቤት ነው። ዕድር በዚህ ጊዜ ዋጋው ከምንም ይበልጣል፤ ድንኳን አለው፣ ድስትና ወንበር አለው፣ የአባላት ስም ዝርዝር አለው፣ ሰው በጡሩምባ መጥራት ይችላል። ይሁን እንጂ ዕድር የተመሠረተው በአንድ ጊዜ አንድ ሐዘን እንዲሸከም ነው። በአንድ ሌሊት ሃያ ቤት ሲፈርስ ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ይሆናሉ፤ ሣጥኑም ባዶ ይሆናል። ጉዳት ያልደረሰበት ሰፈር ዕድር ለተጎዳው ሰፈር ዕድር የሚያበድርበትን ስምምነት አስቀድሞ መፈራረም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ይህን የሚያስማማ አካል በከተማው ቢፈለግ ከሰበካ ጉባኤ የተሻለ ላይገኝ ይችላል።

አስከሬኑ ያልተገኘለት ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። እርሙን አያወጣም፤ ሰው ከሩቅ ባየ ቁጥር ልቡ ይሰቀላል። የንስሐ አባት በእንዲህ ያለ ቤት ከአርባው በኋላም ደጋግሞ መግባት ይኖርበታል፤ ከአርባው በኋላ የሚመጣ እንግዳ ጥቂት ነውና።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ወር ያለው ሲሆን፣ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የተሰደደው ሕዝብ በትምህርት ቤት ይጠለላል፤ በእኛ አገር የከባድ ዝናብ ወራት የትምህርት ዕረፍት ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። መስከረም ሲጠባ ግን ተማሪ ይመለሳል፤ ተጠላዩም ይውጣ ይባላል። በዚሁ ጊዜ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የባሕር ዛፍ እንጨት ዋጋ ይንራል፤ የአናጺ የቀን ክፍያም እንዲሁ። የቀን ሠራተኛው ግን ቤቱን የሚሠራበት ቀን የሚበላበት ቀን ነው፤ ሁለቱን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ይበደራል፣ ከዚያም የተረፈውን ዕቃ በርካሽ ይሸጣል፣ በመጨረሻም ከከተማው ይወጣል። ከወጡት ውስጥ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ርዳታ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት፣ ወሬው በቀዘቀዘበት ሰዓት መሆኑ ያሳዝናል።

በድሬዳዋ ከአደጋው በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ከተፈናቀሉትም ብዙዎች ከወንዙ ርቀው ሰፍረዋል። ግንቡ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከገበያው የራቀ ቤት ያገኘች ጉልተኛ በየቀኑ የመጓጓዣ ሒሳብ ይጠብቃታል፤ አሮጌው ሰፈር ከነአደጋው የሚናፍቃት ለዚህ ነው። መልሶ ማስፈር በታሰበ ቁጥር «ቤቱ የት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ሥራውስ የት ነው?» የሚለው ሊጠየቅ ይገባል።

ድሬዳዋ ሩቅ ናት የሚል ካለ፣ በዚያው ክረምት የራሳችን ዞን ምን እንደደረሰበት ያስታውስ። በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ በጣና ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። እነዚህ ሁለት ወንዞች የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። ጉና ደግሞ ከፎገራ ይልቅ ለላይ ጋይንት፣ ለእስቴና ለፋርጣ ይቀርባል። የእኛ ተዳፋት በተራቆተ ቁጥር የፎገራ ሰው ቤት ውሃ ይገባል ማለት ነው። በሌላ ወገን ከታች ጋይንት የሚወርደው ጎርፍ ወደ በሽሎ፣ ከዚያም ወደ ዐባይ ስለሚሄድ አፈራችን ተመልሶ አይታየንም። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት የጽድና የወይራ ደኖች ውሃን በማስረግ ረገድ የሚሰጡት አገልግሎት ከዚህ አንጻር ቢታይ ጥሩ ነው። በመብረቅ ጊዜ ግን ከዛፉ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ይህን የማያውቅ ምእመን አሁንም አለ።

ዓመቱ 1998 የሚታወስበት ሌላም ምክንያት አለው። በሚያዝያ ወር ገደማ በጋምቤላ የታየው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የምንለው፣ በዚያው ክረምት ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ አማራ ክልልንም አዳርሷል። ጎርፍና አተት ተለያይተው አይሄዱም። መጸዳጃ ቤቱ ይሞላል፣ ውሃው ምንጩን ይበክላል፣ የተጠለለው ሕዝብ በአንድ ባልዲ ይቀዳል። ከአደጋ ማግስት ያለ ሞት ብዙውን ጊዜ በውሃው ጉልበት ሳይሆን በሚጠጣው ውሃ የሚመጣ ነው። የደፈረሰ ውሃ በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ ተጣርቶ ነው ማከሚያ የሚጨመርበት፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋልና። እንደ ውሃ አጋር ያለው ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመር፤ ሠላሳ ደቂቃም ይቆይ። ማከሚያ ከጠፋ ማፍላት ነው። በደጋ አገር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ጠበል ያለባቸው አጥቢያዎችም የጠበሉን ምንጭ ከጎርፍ የሚጠብቅ ቦይ ከላይ በኩል ቢቆፍሩ ለበረከቱ የሚገባ ክብካቤ ነው።

ከአገር ውጭም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የወደብ ከተማ ቤይራን መታ። ከተማዋ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነዋሪ አላት፤ በአገሪቱ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የከተማዋ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ተጎዱ። ስልክና መንገድ በመቋረጡ የጉዳቱ ልክ ለቀሪው ዓለም የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ሕዝቡ ያደረገው ነገር እኛም የምናውቀው ነው፤ የተበተነውን ቆርቆሮ ለቅሞ፣ የተጣመመውን ሚስማር አቃንቶ፣ በትምህርት ቤትና በአብያተ ክርስቲያናት ተጠልሎ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮሌራ ገባ። ጤና ባለሙያዎች ግን ፈጥነው 900,000 ያህል የኮሌራ ክትባት በአፍ ለመስጠት ዘመቻ ጀመሩ፤ ወረርሽኙም ተገታ። ከቤይራ የምንወስደው ትምህርት በሽታው እስኪታይ አለመጠበቅ ነው። ጤና ጣቢያውን በመጀመሪያው ሳምንት ጠርቶ ከተጠላዩ ጋር ማገናኘት የሰበካ ጉባኤ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጣሪያ እንምጣ፤ የእኛ አካባቢ ዋና ጉዳት ጣሪያ ነውና። ነፋስ መውጫ የተባለች ከተማ ያለችበት አገር ስለ ነፋስ ሊመከር አይገባውም ይባል ይሆናል፤ ቆርቆሮ ግን ከሣር ክዳን የተለየ ጠባይ አለው። ነፋስ ቆርቆሮን ገፍቶ ብቻ አይጥልም፤ በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በክፈፉ ሥር ሲገባም ያነሣዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የቆመ ጣሪያ ዘንድሮም ይቆማል ማለት አይቻልም። ጣሪያ መሄድ የሚጀምረው ከዳርና ከማዕዘን ነው፤ ሚስማርም መብዛት ያለበት በዚያ ነው። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በሸለቆው አይመታ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሚስማሩን ይለቃል፤ እንጨቱ ቀድሞ መድረቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ወራጁ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በጥቁር ሽቦ ተጠምጥሞ ይታሰር። የአንድ ቤት ሽቦ ከአንድ ቆርቆሮ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ያልታሰረ ጣሪያ ግን ማገሩንም ወራጁንም ይዞ ይሄዳል። ርዳታ ተብሎ ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር ይታይ፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ውፍረቱ ይቀንሳል። በዚህ የሚታለሉ ኮሚቴዎች አሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር አንዳንድ አባቶችን ላያስደስት ይችላል። ዐውሎ ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑንም የምእመናኑንም ጣሪያ በአንድ ሌሊት በወሰደ ጊዜ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ለየትኛው ያውል? መቅደሱ ክፍት ሆኖ ሊያድር እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ታቦቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በዚያው ቀን መሸፈን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ግን ለቤተ ክርስቲያኑ በሸራ መሸፈን ለአንድ ወር የሚበቃ ሲሆን፣ በጭቃ ግድግዳ ቤት ለምትኖር ባልቴት አንድ ወር ብዙ ነው፤ ግድግዳው በዝናብ ቀልጦ ይወድቃልና። ጣሪያ በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ቤቱ ይተርፋል፤ ከዘገየ ቤቱ በሙሉ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ቆርቆሮ ለባልቴቷ መሆን አለበት።

ባለ ቤትና ተከራይን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆርቆሮው የሚሰጠው በተከራዩ ስም ቢሆንም የሚመታው በአከራዩ ቤት ላይ ነው። ቤቱ ከታደሰ በኋላ ኪራይ ተጨምሮ ተከራዩ የሚወጣ ከሆነ የረዳነው ማንን ነው? ቆርቆሮው ከመሰጠቱ በፊት አከራዩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ኪራይ እንዳይጨምርና ተከራዩን እንዳያስወጣ በቀበሌውና በሽማግሌዎች ፊት ይፈርም። አብዛኛው አከራይ ራሱ ችግረኛ ስለሆነ በዚህ ስምምነት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

የስም ዝርዝር ከሁሉ አስቸጋሪው ነገር ነው። በቀበሌ መዝገብ ያለው ባለ መታወቂያው ነው፤ በዕድር መዝገብ ያለው ከፋዩ ነው። ከሁለቱም የሚጎድሉት ገና ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ በረንዳ የሚያድር ልጅ፣ ቡና የምትሸጥ እንግዳ፣ ተሸካሚው ናቸው። ንስሐ አባቶች ቤት ለቤት ስለሚገቡ ሌላው የማያውቀውን ያውቃሉ፤ በኑዛዜ የሰሙትን ሳይሆን በዓይናቸው ያዩትን ችግር ለኮሚቴው ቢጠቁሙ ዝርዝሩ የተሟላ ይሆናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ በዚያው መለኪያ ይገባሉ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች በኮሚቴው ቢወከሉ ሥራው ይቀላል፤ ጎርፉም ሆነ ነፋሱ ቤት ለይቶ አልገባምና። ዝርዝሩ በተጠናቀቀ ጊዜ ለሁለት ቀን በአደባባይ ተለጥፎ ይቆይ፤ ሐሜቱ ከዕደላው በፊት ቢመጣ ይሻላል።

በአካባቢያችን የተለየ ትኩረት የሚሹ አንድ ወገኖች አሉ፤ የአብነት ተማሪዎች ናቸው። የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ በጋይንት መኖራቸው አገሩን ከሩቅ በሚመጡ ተማሪዎች የተሞላ አድርጎታል። የቆሎ ተማሪ ጎጆ በነፋስ ስትፈርስ የሚጠይቅለት ዘመድ በአቅራቢያው የለም፤ በየትኛውም መዝገብ ስሙ አይገኝም፤ የሚለምንበት መንደርም ራሱ የተጎዳ ነው። መምህራኑ የተማሪዎቻቸውን ቁጥር በየክረምቱ መግቢያ ለአጥቢያው ጸሐፊ ቢያስታውቁ ይህ ክፍተት ይዘጋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ያላቸው አጥቢያዎች ምን ያህል ሰው ማስጠለል እንደሚችሉ ከወዲሁ ይለኩ። ስፌር በመባል በሚታወቀው የሰብአዊ ርዳታ መለኪያ መሠረት ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታና በቀን 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። 10 በ7 ሜትር የሆነ አዳራሽ ሃያ ሰው ይይዛል፤ ሃያ ሰውም በቀን 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቀዳው፣ ሴቶችና ሕፃናት በየት በኩል እንደሚያድሩ፣ መጸዳጃው በሌሊት መብራት እንዳለው አሁን በደረቁ ወቅት ተዙሮ ቢታይ ጥሩ ነው። የአዳራሹ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን፣ ሁለተኛው ቁልፍ በቅርብ ለሚያድር አገልጋይ ይሰጥ፤ ነፋሱ የሚመጣው በሌሊት ሊሆን ይችላል።